ዝቅ ያለ ኮርኒስና ጠረጴዛው የወጣ ዕለት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን፣ ወልድያ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ የመብራት ዕቃ መደብር ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ሦስት ነበር። በእጄ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ዲፕሎማ፣ በቦርሳዬ የራሴ ፒንሳ፣ የራሴ ካቻቢቴና የራሴ ሜትር ይዣለሁ። የመደብሩ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ዲፕሎማውን ገልበጥ አድርገው አዩና መለሱልኝ። ከጠረጴዛው ሥር ጨርቅ አውጥተው ሰጡኝ።

“መስታወቶቹን ወልውያቸው። አቧራ የያዘ መብራት አይሸጥም።”

“የተማርኩት ዝርጋታ ነው፣ ጋሽ ታደሰ።”

“አውቃለሁ። መሰላል ላይ የሚወጣ ወንድ አለኝ። ሴት መሰላል አሸክሜ የሰው ቤት ልላክ እንዴ?”

አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ በማታው ትምህርት፣ ጉልበቴ ከወንበሩ ሥር አልገባ እያለኝ። ከዚያ ወንበር ተነሥቼ ዲፕሎማ እስክይዝ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጨርቁን ተቀበልኩ። ግን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

ስወለውል የመጀመሪያውን የሙያ ትምህርቴን ተማርኩ፤ ማንም ሳያስተምረኝ። የመደብሩ ኮርኒስ አራት ሜትር ነበር። ከአራት ሜትር ላይ የተንጠለጠለ መብራት ሁሉ ያምራል። ሰው ገብቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ “ማሻአላህ፣ ያንን አውርዱልኝ” ይላል። ይዞት የሚሄደው ግን ኮርኒሱ ሁለት ሜትር ከሩብ ወደሆነ ቤት ነው። መደብሩ ይዋሻል ማለት ነው። ይህን ለጋሽ ታደሰ ብነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ “ፕሮፌሰር” ሆነ። በሣጥኖቹ ውስጥ የሚመጣውን የመመሪያ ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ አነብ ስለነበር ነው። ሌላው ሰው በወረቀቱ ምስማር ይጠቀልልበታል።

የእኛ አገር ቤት በየዓመቱ ያጥራል። ይህን የማያውቅ ሰው መብራት ባይሰቅል ይሻላል። አባት ጭቃ ቤቱን ሲሠራ ከወለል እስከ ኮርኒስ ሁለት ሜትር ከስድሳ ያደርገዋል። ወለሉ አፈር ነው፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ትንሽ ሲተርፈው ወለሉን በሲሚንቶ ያስለስናል። ልጆቹ ሲያድጉ በሲሚንቶው ላይ ሴራሚክ ያነጥፋሉ። ከላይ አቡጀዲው ወርዶ ችፑድ ይመታል። ቀጥሎ ጅብሰም የሚሠራ ይመጣና ችፑዱን ማንሳት ስለሚሰለቸው ከሥሩ ሌላ ኮርኒስ ያንጠለጥላል። ቤቱ ከላይም ከታችም ይበላል፤ ባለቤቱ ግን በልቡ አሁንም ሁለት ከስድሳ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ስለዚህ ደብተር ያዝኩ። ሦስት ዓምድ ነበረው፦ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ መብራቱ ከነሰንሰለቱ፣ ከሥሩ የቀረው። ሰው በሚያልፍበት ቦታ የቀረው ከሁለት ሜትር ከአሥር በታች ከሆነ አልሰቅልም ብዬ ለራሴ ደንብ አወጣሁ። ለሦስት ወር ደንብ ነበረኝ፤ መሰላል ግን አልነበረኝም።

መሰላሉ የመጣው የጋሽ ታደሰ ሠራተኛ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ነው። ሌላ ሰው እስኪገኝ ተብሎ ተላክሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የተከራየው ቤት ነበር። ከመኝታ ቤቱ መሐል ባለ ጥቁር ቆርቆሮ ባርኔጣ መብራት ተንጠልጥሏል። የመምህሩ ግንባር ላይ ሁለት ጊዜ ያበጠ ምልክት አየሁ።

“ይሄ መብራት ይጠላኛል” አለኝ።

“መብራቱ ምንም አላደረገም። ኮርኒስዎ ሁለት ሜትር ከሃያ ነው፣ መብራቱ ሰባ ሳንቲ። እርስዎ የሚያልፉት ደግሞ በዚያው ነው።”

“ያውም ጨለማ ነው፤ ማንበብ አልቻልኩም።”

ጥቁር ባርኔጣ ብርሃኑን ሁሉ ወደ ታች ይገፋል። ከላይ ያለው ኮርኒስ ይጠቁራል፤ የጠቆረ ኮርኒስ ደግሞ ከእውነተኛው ቁመቱም ዝቅ ብሎ ይታያል። አወረድኩትና ወተት የመሰለ ክብ መስታወት ያለው አመጣሁለት፤ እሱ ወደ ላይም ያበራል። የሰቀልኩት መሐል ላይ አይደለም። ከአልጋው ራስጌ፣ ከትንሿ ኮመዲኖ በላይ፣ ማንም በማይራመድበት ጥግ ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩት። ዝቅ ያለ ቤት ተንጠልጣይ መብራት አይከለከልም፤ የሚከለከለው መሐሉ ነው።

“ይሄን ሻጩ ለምን አልነገረኝም?”

“ሻጩ ቤትዎን አላየማ።”

ጥቁሩን ባርኔጣ ይዤ ስመለስ ጋሽ ታደሰ ተቆጡ። “አንቺን የላኩሽ እንድትሰቅዪ ነው ወይስ የሸጥኩትን እንድታወርጂ? ፕሮፌሰር!” መደብሩ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ፤ ሦስቱም ሳቁ። እኔ ደብተሬ ላይ ሁለት ከሃያ ብዬ ጻፍኩ። ዝምተኛ ሰው የሚቆጣው በእጁ ነው፤ እርሳሱ ተሰበረ።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ መርሳ ከተማ የሆነውን ነው።

እትዬ ሞሚና ባለቤታቸው የሞቱባቸው የመርሳ ሴት ናቸው። ወደ መደብሩ የመጡት ከልጃቸው ከሐያት ጋር ነበር። ሐያት እዚያው መርሳ አንደኛ ደረጃ የምታስተምር፣ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ልጅ ናት። ከመርሳ አጠገብ ካለችው ከግራና ከተማ የሆነ ልጅ ሊያገባት ይፈልጋል፤ የእሱ ሽማግሌዎች ከወር በኋላ ይመጣሉ። እትዬ ሞሚና ቤቱን እያሰናዱ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ ተነጥፎ፣ ጅብሰሙም አልቆ፣ የቀረው መብራቱ ነው። ጣታቸውን አነሡና ሦስት የመስታወት ኩባያ ያለውን፣ ከዙሪያው የመስታወት ጠብታ የሚወርድበትን ሻንደሌር አሳዩ።

“እትዬ ሞሚና፣ የቤትዎ ቁመት ስንት ነው?” አልኳቸው።

“ቤቴማ ረጅም ነው፣ ልጄ። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ግንድ የሚያህል ሰው ነበር። አንድ ቀን አጎንብሶ ገብቶ አያውቅም።”

“ያ ሴራሚኩ ሳይነጠፍ ነው።”

ጋሽ ታደሰ ከወዲያ ጣልቃ ገቡ። “አንቺ ልጅ፣ ሰዎቹን አታድክሚ። መሐል ላይ ጠረጴዛ የለም እንዴ? መብራቱ ከጠረጴዛው በላይ ነው የሚሆነው። ጠረጴዛ ላይ ማን ይራመዳል?”

እውነት ለመናገር ይህ ያነበብኩት ወረቀት ላይም አለ። ከጠረጴዛ በላይ የሚሰቀል መብራት ዝቅ ቢል ችግር የለውም፤ ሰው ጠረጴዛውን ዞሮ ያልፋልና። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን ጠረጴዛው አንዴ ከተቀመጠበት በማይነሣበት አገር ያለ ነው። እኔ ወሎ ተወልጄ ያደግሁ፣ ያንን ወረቀት አመንኩ።

በማግስቱ በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ገባሁ። ሜትሬን ዘረጋሁ። ከወለል እስከ ኮርኒስ፦ ሁለት ሜትር ከሃያ ስምንት። ሻንደሌሩ ከነሰንሰለቱ፦ ዘጠና አምስት ሳንቲ። እንደ መጣ ቢሰቀል ከሥሩ የሚቀረው አንድ ሜትር ከሠላሳ ሦስት ነው፤ ለልጅ እንኳ አይሆንም። ስልክ ደወልኩ።

“ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ መብራት ለዚህ ቤት አይሆንም።”

“ሰንሰለቱን አሳጥሪና ስቀዪ።”

“ባሳጥረውም አካሉ ራሱ አርባ ሁለት ሳንቲ ነው። ከነመያዣው ሃምሳ ይሆናል። ከሥሩ አንድ ከሰባ ስምንት ነው የሚቀረው።”

“ከሥሩ ጠረጴዛ አለ አላልኩሽም? ስቀዪና ነዪ!”

ስልኩን ዘጉት። እኔም ሰቀልኩ። የሰንሰለቱን ዘለበት በፒንሳ ፈታሁ። መንጠቆውን ጅብሰሙ ላይ ሳይሆን ከውስጥ ካለው የሞራሌ እንጨት ድረስ አስገባሁ። ክብደቱ በሽቦው ሳይሆን በሰንሰለቱ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በዝርጋታው አላፍርም። ሲበራ የመስታወቱ ጠብታ ግድግዳውን ሁሉ አንቆጠቆጠው። እትዬ ሞሚና እልል አሉ። ሐያት በሥሩ አለፈች፤ እኔም አለፍኩ፤ እናትዮዋም አለፉ። ማናችንንም አልነካንም። ከሦስታችን አንድ ከስድሳ አምስት የሚሞላ አልነበረም። በሴቶች ቁመት የተለካ ቤት ሆነ። ደብተሬ ላይ አንድ ከሰባ ስምንት ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ “ጠረጴዛ አለ” ብዬ ጨመርኩ። ያቺ ቃል እስካሁን ታናድደኛለች።

እናንተ አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ አይቀመጥም። ተቀመጡ ይባላል፤ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” ይላል። ቆሞ ይለምናል። የሚቆምበት ቦታ እንዲኖር ደግሞ ጠረጴዛው ይወጣል። ቤቱ ሰው በሞላበት ቀን ሁሉ ጠረጴዛው ይወጣል፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሰደቃ። መብራቱ ከሥሩ ጠረጴዛ የሚኖረው ማንም በሌለበት ቀን ብቻ ነው።

በቀጠሮው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አምስት ሽማግሌዎች ገቡ። ጠረጴዛው ግቢ ወጥቷል። የሐያት አጎት፣ አቶ ይማም፣ “ተቀመጡ” አሉ። አልቀመጥ አሉ። ቃል የሚያሰሙት ሸህ እድሪስ የሚባሉት የግራና ሽማግሌ ስለሆኑ ወደፊት ወጥተው መሐል ላይ ቆሙ። ረጅም ናቸው። መብራቱን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ፤ እንደ ደፉም መናገር ጀመሩ። ሰው ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ሲናገር አስቡት። መጨረሻ ላይ ዱአ ሊያደርጉ ቀና አሉ። አንዱ የመስታወት ኩባያ ግንባራቸው ላይ ተሰበረ።

ደሙ ብዙ አልነበረም። ድንጋጤው ግን ቤቱን ሞላው። ከመጋረጃው ኋላ ያሉት ሴቶች ጮኹ። አቶ ይማም “ዛሬ ይቅር፤ ገዱም አላማረም” አሉ። ሽማግሌዎቹ ግንባራቸውን በሻሽ የያዙትን ሸህ እድሪስን ደግፈው ወጡ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሐያት ናት፣ በስልክ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ። በስድስቱ ሳምንት ከግራና ሰው አልመጣም፤ መልእክትም አልተላከም።

“እትዬ አስካለ፣ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?”

“ምን ይላል?”

“‘ሴት በሰቀለችው መብራት ሥር ልጅ አይጠየቅም’ ይላል። ገዱ ተበላሽቷል ይላሉ። የግራናው ልጅም ስልኬን ሲያነሣ ድምፁ ሌላ ሆኗል። ሽማግሌ ተመልሶ ካልመጣ አጎቴ ለሌላ ሰው ቃል ሊሰጥ ነው።” ቀጥላም፣ “የመደብሩ ሰውዬም ለአጎቴ ‘ልጅቷ ሳታስፈቅደኝ ነው የሰቀለችው’ ብለውታል” አለችኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ጋሽ ታደሰ ፊት ቆምኩ።

“ሳታስፈቅደኝ ነው ብለዋል?”

“ታዲያ ምን ልበል? ደንበኛ ነው፤ ይርቀኛል።”

“እውነቱን ይበሉ። ደውዬልዎት ነበር። ስቀዪ ብለውኛል። ቁጥሩ እዚህ ደብተር ላይ አለ።”

“ደብተር! ደብተርሽን ማን ይሰማል? አንቺ ምን ጎደለብሽ? ለሰው እንደሆነ ሴት ናት፣ ተሳሳተች ይባላል፤ ይረሳል።”

ሴት ናት፣ ተሳሳተች፣ ይረሳል። አሥራ ስድስት ዓመት የተማርኩት በዚህ ሦስት ቃል እንድጠራ ነው? በዚያ ሰሞን መርሳ ሁለት ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። ሁለቱም “ወንድ ላኩልን” ብለው ሰረዙ። እኔ መሰላል ተከለከልኩ፤ ሐያት ደግሞ ትዳሯ ሊቀር ነው። ተጠያቂው መብራቱን የሸጠው ሰው ግን መስታወቱን እየወለወለ ሌላ ሻንደሌር ይሸጣል።

በማግስቱ ማንንም ሳላስፈቅድ መርሳ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ በእርግጥም ሳላስፈቅድ። እትዬ ሞሚና በር ላይ ቆመው አላስገባ አሉኝ።

“ደግሞ ምን ልትሰቅዪ መጣሽ?”

“ላወርድ ነው የመጣሁት፣ እትዬ ሞሚና።”

“ዝቅ እንደሚል አላወቅሽም ነበር?”

“አውቄያለሁ። ለጋሽ ታደሰ ነግሬያቸዋለሁ።”

“ለታደሰ!” አሉ። “ቤቱ የማን ነው? የታደሰ ነው የእኔ? እዚህ ሜትርሽን ዘርግተሽ፣ እኔ አጠገብሽ ቆሜ፣ ለእኔ ሳትነግሪ ወልድያ ደውለሽ ለታደሰ ነገርሽ?”

በጋሽ ታደሰ ላይ የተቆጣሁት ቁጣ ግማሹ በዚያች ሰዓት ወደ እኔው ዞረ። ዛሬም እኔ ዘንድ ነው።

ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። “የሰውን ሽማግሌ ግንባር አድምቼ፣ በምን ፊቴ ኑ ብዬ ልላክ?” አሉኝ። ለስድስት ሳምንት ያልተኙበት ነገር ይህ ነበር።

ከመርሳ ግራና ሄድኩ። ሸህ እድሪስን ያገኘኋቸው የሽንኩርት መደባቸው ላይ ውሃ እያዞሩ ነው። ግንባራቸው ላይ ቀጭን ጠባሳ አለ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አካፋቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“አንቺ ነሽ ያቺ ባለ መብራት?”

“እኔ ነኝ፣ ሸህ እድሪስ። አንድ ነገር ልለምንዎ መጥቼ ነው። ቁመትዎን ልለካ።”

“ቁመቴን?” ጎረቤት መደብ ላይ ወዳሉት ሰዎች ዞሩ። “እናንተዬ፣ መትታኝ አልሞት ብላት፣ ለከፈን ልትለካኝ መጣች!”

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ሸህ እድሪስ እጃቸውን ታጥበው እደጁ ድረስ መጡ። ከበራቸው መቃን ጋር ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እኔ ሳልነካቸው በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። አንድ ሜትር ከሰማንያ አራት። ጥምጣማቸውን አውልቀውት ስለነበር፣ “ይጠምጥሙልኝ፤ በሽማግሌነት ቀን እንደሚጠመጥሙት” አልኳቸው። ጠመጠሙ። አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት። ደብተሬን አሳየኋቸው።

“ይኸውልዎ። መብራቱ አንድ ከሰባ ስምንት ላይ ነበር። እርስዎ ከነጥምጣምዎ አንድ ከዘጠና ሁለት ነዎት። አሥራ አራት ሳንቲ ነው። ገድም አይደለም፣ የሴት እጅም አይደለም። አሥራ አራት ሳንቲ።”

“የምን ገድ?”

“ገዱ ስላላማረ ቀሩ እየተባለ ነው።”

ፊታቸው ተቀየረ። “ልጄ፣ በእኛ ሃይማኖት ገድ ማመን የለም። እኔን የመታኝ መስታወት ነው። የቀረሁት አፍሬ ነው። ባሏ የሞተባትን ሴት መብራት በጭንቅላቴ ሰብሬ፣ በምን ፊቴ ተመልሼ ልጅሽን ስጪን እላለሁ? ትልካለች ብዬ ብጠብቅ፣ አልላከችም። ተቀየመች አልኩ።”

“እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ አድምቼ በምን ፊቴ ልላክ እያሉ ነው።”

ሸህ እድሪስ አካፋቸውን መሬት ላይ ጣሉት። “ስድስት ሳምንት!” አሉ። “የሰው ልጆች በሁለት ይሉኝታ መሐል ታንቀው ስድስት ሳምንት! አንድ ሰው እንኳ ጠፋ፣ መጥቶ የሚጠይቅ?”

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ “አብሽሪ፣ አይዞሽ” አሉኝ። “ሐሙስ እንመጣለን በያት። ግን ያንን ነገር አውርጂልኝ።”

አወረድኩት። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ እትዬ ሞሚና ቤት ነበርኩ። መሐል ላይ ኮርኒሱ ላይ የሚለጠፍ፣ ውፍረቱ አሥር ሳንቲ የሆነ ነጭ መስታወት አደረግሁ፤ ከሥሩ ሁለት ከአሥራ ስምንት ቀረ። አንድ መብራት ሳሎኑን ስለማይሞላው በሁለቱ ጎን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ የሚያበራ ትንንሽ መብራት ጨመርኩ፤ ኮርኒሱ ሲበራ ከፍ ያለ ይመስላል። ሻንደሌሩን ግን እትዬ ሞሚና ይወዱታል። የወደዱትን ነገር ሞኝነት ነው ብዬ ልወስድባቸው አልፈለግሁም። በቤቱ ውስጥ ሠርግ ቢመጣ ለቅሶ ቢመጣ ከቦታው የማይነቃነቅ ምን አለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ቡፌው። ብርጭቆና ሳሕን የሞላው፣ አራት ሰው የማያነሣው ቡፌ። በጥጉ፣ ከቡፌው ፊት፣ በአንድ ክንድ ርቀት ሻንደሌሩን ሰቀልኩት፤ ግራና ቀኙን ሶፋው ዘግቶታል። የተሰበረው ኩባያ በግድግዳው በኩል ሆነ። ሲበራ የቡፌው ብርጭቆ ሁሉ አብሮ በራ።

“እንዲህ ነበር እንጂ ከመጀመሪያው!” አሉ እትዬ ሞሚና። “ይሄን አታውቂም ነበር?”

“የምጠይቀውን አላወቅሁም ነበር” አልኳቸው።

ሐሙስ ከመጋረጃው ኋላ ከሴቶቹ ጋር እንድቀመጥ አደረጉኝ። ሐያት አጠገቤ ነበረች፤ እጄን ያዘችኝ። ጠረጴዛው ወጥቷል። አምስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። አቶ ይማም “ተቀመጡ” አሉ፤ “አንቀመጥም” ተባለ። ሸህ እድሪስ መሐል ላይ መጡ። መጀመሪያ አልተናገሩም። አንድ እጃቸውን ከጥምጣማቸው በላይ አንሥተው አየሩን ዳሰሱ። ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። ከዚያ ቀጥ ብለው፣ አንገታቸውን ሳይደፉ ተናገሩ።

“ጉዳያችንን ከማሰማቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ይህ ቤት ገደ ቢስ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ግንባሩ የእኔ ነው፣ እኔ አላልኩም። መብራቱን ሴት ስለሰቀለችው ነው የሚልም ካለ፣ ያቺው ሴት ግራና ድረስ መጥታ ቁመቴን ለክታ ሄዳለች። የሸጠው ሰው ለእኔ ስልክ እንኳ አልደወለም። አሁን ጉዳያችንን ስሙ።”

ጉዳያቸውን አሰሙ። አቶ ይማም አቀርቅረው ሴራሚኩን አዩ። ከዚያ “በሉ እንግዲህ ተቀመጡ” አሉ፤ በዚህኛው ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሐያት እጄን ለቀቀችኝ። ጣቶቼ ላይ ምልክት ቀርቶ ነበር።

ወልድያ ስመለስ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠየቅሁ። ለብቃት ምዘናው ያስፈልገኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡኝ። “በጽዳትና በሽያጭ ረዳትነት አገልግላለች” ይላል። በመሰላል የወጣሁባቸው ቤቶች በሙሉ ደብተሬ ላይ ተጽፈዋል፤ በደብዳቤው ላይ አንድም የለም። ደብዳቤውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

“እንዲታረም ነው?” አሉኝ።

“አይ። ለእርስዎ ይሁን። መደብሩን በማን ያስወለውሉ እንደነበር ማስረጃ ይሆንዎታል።”

ምዘናውን የወሰድኩት ደንበኞቼ በጻፉልኝ ምስክርነት ነው። አንደኛው ከግራና የመጣ፣ በሸህ እድሪስ የተፈረመ፣ ባለ ሁለት መስመር ነበር፦ “ቁመቴን በትክክል ለክታለች። ሥራዋን ታውቃለች።” መዛኙ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ ፋይሉ ውስጥ ከተተው። አልፌያለሁ። አሁን የምሠራው ለራሴ ነው፤ ጋሽ ታደሰም አሁንም በአራት ሜትር ኮርኒስ ሥር ይሸጣሉ።

ደብተሬ አሁን አምስት ዓምድ አለው። አራተኛው፦ ቤቱ የሚጠብቀው ረጅሙ እንግዳ፣ ከነጥምጣሙ። አምስተኛው፦ እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛው ወዴት ይወጣል።

ከእኔ በኋላ መሰላል ለምትይዙ የምለው ይህን ነው። ዝቅ ባለ ቤት ተንጠልጣይ መብራት የሚሰቀለው ከማይነቃነቅ ዕቃ በላይ ወይም አጠገብ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ የሚነቃነቅ ዕቃ ነው። መብራቱ የማይሆን ከሆነ ደግሞ የማይሆን መሆኑ የሚነገረው ለሻጩ ሳይሆን፣ እዚያው መሰላሉ ሥር ለቆመችው ለቤቱ ባለቤት ነው።